የካቴተር ባዮፊልም በጽኑ ሕሙማን ክፍል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአስታማሚዎች፣ ከነርሶችና የመመረቂያ ጥናት ከሚሠሩ ተማሪዎች ደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ተነስተን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

ባዮፊልም ምንድን ነው?

ቤታችሁ ቢጫ ጀሪካን ካለ ባዮፊልምን ታውቁታላችሁ። ውኃ ብዙ ጊዜ የቆየበት ጀሪካን ውስጡ ያሙለጨልጫል። በውኃ ብቻ ብታለቀልቁት አይለቅም። ለዚህ ነው እናቶቻችን አሸዋ ወይም ጠጠር ጨምረው የሚንጡት። ያ የሚያሙለጨልጨው ነገር ባክቴሪያዎች ግድግዳው ላይ ተጣብቀው፣ ራሳቸው ባመረቱት ዝልግልግ ነገር ተሸፍነው አንድ ላይ የሚኖሩበት ሽፋን ነው። ዝልግልጉ በአብዛኛው ከስኳር ሰንሰለቶች፣ ከፕሮቲንና ከባክቴሪያዎች ከወጣ ዲኤንኤ የተሠራ ነው።

ጥርስ ላይ የሚጋገረውም ይኸው ነው፤ መጉመጥመጥ ብቻውን አያነሳውም፣ መፋቂያ ይፈልጋል። ሆላንዳዊው የጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ በ1683 እ.ኤ.አ. ከጥርሱ መካከል የፋቀውን ነጭ ነገር በራሱ በሠራው ማይክሮስኮፕ አይቶ ውስጡ ስለሚርመሰመሱት ጥቃቅን ፍጥረታት ጽፏል። ባክቴሪያ በተፈጥሮ በአብዛኛው ተጣብቆ እንጂ ተንሳፎ እንደማይኖር ሰው በሰፊው የተቀበለው ግን ካናዳዊው ቢል ኮስተርተንና ባልደረቦቹ በ1978 እ.ኤ.አ. ከጻፉ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ሁላችንም በጠርሙስ ውስጥ የሚዋኘውን ነበር የምናጠናው። አሁንም ብዙ ጊዜ እሱኑ ነው።

ካቴተር ሲባል የሽንቱ ብቻ አይደለም እንዴ?

ካቴተር ወደ ሰውነት የሚገባ ቀጭን ቱቦ ነው። በተለምዶ "ካቴተር ተደረገለት" ሲባል የሽንቱ ነው፤ ፎሊ የሚባለው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ ያለው። ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊው የሽንት ሐኪም ከፍሬደሪክ ፎሊ ነው። ግን በአንገት፣ ከአንገት አጥንት ሥር ወይም በብሽሽት በኩል ወደ ትልቅ የደም ሥር የሚገባው ሴንትራል ላይንም ካቴተር ነው። የኩላሊት እጥበት የሚደረግበትም እንደዚያው።

የመተንፈሻ ቱቦው በቋንቋ ደረጃ ካቴተር አይደለም። ባዮፊልሙ ግን ይህን ልዩነት አያውቅም፤ ውስጡን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ብዙ ጥናቶች ሦስቱንም፣ ማለትም የሽንቱን፣ የደም ሥሩንና የመተንፈሻውን አብረው ያያሉ። ተማሪ ከሆናችሁ አብሮ ማየትና አብሮ መደመር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስቡበት። ሽንት ፊኛ ውስጥ ያለ ቱቦና ልብ አጠገብ የደረሰ ቱቦ በአንድ ሰንጠረዥ ድምር ውስጥ ሲገቡ ቁጥሩ ስለ ሁለቱም ብዙ አይናገርም።

ለምን በተለይ ጽኑ ሕሙማን ክፍል?

ቱቦ የሚበዛው እዚያ ነው። አንድ በሽተኛ ላይ ሦስትና አራት ቱቦ በአንድ ጊዜ ታገኛላችሁ። በሽተኛው አይነሳም፣ አያስልም፣ ጠንካራ አንቲባዮቲክ ይወስዳል፣ የመከላከል አቅሙ ደክሟል። በዚያ ላይ በቀን ብዙ እጅ ይነካዋል።

ባክቴሪያው የሚመጣው ሆስፒታሉ ስለሚቆሽሽ ነው?

አንዳንዴ አዎ። ብዙውን ጊዜ ግን ከበሽተኛው ከራሱ ነው። ቆዳችን ላይ ያለ ጉዳት የሚኖረው ስታፍ ኤፒደርሚዲስ የደም ሥር ካቴተር ላይ ሲሆን ዋና ተከሳሽ ይሆናል። የሽንት ካቴተር ላይ ደግሞ ከአንጀት የሚመጡት እነ ኢ. ኮላይና ክሌብሲዬላ ይበዛሉ። ከሰው ወደ ሰው የሚያሸጋግረው ደግሞ፣ ስም ማጥፋት አይሁንብኝና፣ የእኛው የባለሙያዎቹ እጅ ነው።

ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በውጭ በኩል ነው፤ ቱቦው ቆዳን ወይም የሽንት መውጫን በሚያልፍበት ቦታ ታክኮ ይገባል። ሁለተኛው በውስጥ በኩል ነው፤ መድኃኒት የሚሰጥበት መገጣጠሚያ ሲከፈትና ሲዘጋ። ሴንትራል ላይን ከገባ ገና 10 ቀን ካልሞላው ባዮፊልሙ የሚበዛው ውጭኛው ገጽ ላይ ነው። ከ30 ቀን በላይ ሲቆይ ውስጠኛው ይብሳል። ይህን ልዩነት ያዙት፤ ናሙና ስለመውሰድ ስናወራ እንመለስበታለን።

አስታማሚዎችን አንድ ነገር ልለምን። በሽተኛውን ስታገላብጡ የሽንት ከረጢቱን አልጋው ላይ አታስቀምጡት። ከረጢቱ ከበሽተኛው ፊኛ በላይ ከሆነ ሽንቱ ወደኋላ ይመለሳል፤ ከረጢቱ ውስጥ የተራባውንም ይዞት ይመለሳል። ወለል ላይም አይንካ። ከአልጋው ጎን፣ ዝቅ ብሎ ይሰቀል።

ባዮፊልም ለመፈጠር ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?

ከምታስቡት ያነሰ። ቱቦው በገባ በደቂቃዎች ውስጥ የሰውነት ፕሮቲን ይለብሳል። ደም ሥር ውስጥ ከሆነ እነ ፋይብሪኖጅንና ፋይብሮኔክቲን ይለጠፉበታል። ባክቴሪያው የሚይዘው ባዶውን ፕላስቲክ ሳይሆን ይህን ልባስ ነው። ከዚያ በሰዓታት ውስጥ ይጣበቃል፣ በቀናት ውስጥ ይደራረባል።

ለሽንት ካቴተር በሰፊው የሚጠቀሰው ቁጥር በየቀኑ ከ3 እስከ 7 በመቶ የሚሆን አደጋ ነው። እያንዳንዱ ቀን ሲያልፍ ይህን ያህል ተጨማሪ ሰዎች ሽንታቸው ላይ ባክቴሪያ ይገኛል ማለት ነው። ወር ሲሞላ ያልተያዘ ማግኘት ይከብዳል። "ይህ ካቴተር ዛሬም ያስፈልጋል ወይ?" የሚለውን ጥያቄ ጠዋት ጠዋት መጠየቅ ማንም ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው፤ መሣሪያ አይፈልግም።

የትኞቹ ተህዋስያን ናቸው የሚገኙት?

ከላይ ከጠቀስናቸው ሌላ ስታፍ ኦሪየስ፣ ኢንቴሮኮከስ፣ ሱዶሞናስና አሲኔቶባክተር ይገኛሉ። የመጨረሻው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሰው ሁሉ ስሙን ሲሰማ ፊቱን የሚያጨማድድለት ነው፤ ደረቅ ገጽ ላይ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ብዙ መድኃኒትም ተላምዷል። ካንዲዳም አለ፤ እሱ ባክቴሪያ ሳይሆን ፈንገስ ነው፤ ባዮፊልም በመሥራት ግን ማንንም አያስቀድምም።

ለብቻው ሊነሳ የሚገባው ፕሮቲየስ ሚራቢሊስ ነው። ሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ወደ አሞንያ ይቀይራል። ሽንቱ የአሲድነት ጠባዩን ያጣል። ያኔ በሽንቱ ውስጥ ሟሙተው የነበሩት ማግኒዥየም፣ ካልሲየምና ፎስፌት ክሪስታል ሆነው ይወርዳሉ። ባዮፊልሙ ድንጋይ ይሆናል ማለት ይቻላል። "ቱቦው ተደፈነ፣ ሽንት በጎን ይፈስሳል" የሚባለው ነገር ከተደጋገመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ካቴተር ቆርጬ አይቻለሁ፤ ውስጡ ሻይ ሲፈላበት የኖረ ማንቆርቆሪያ ነበር የሚመስለው።

ሴንሲቲቪቲው "ይሠራል" እያለ አንቲባዮቲኩ ለምን አልሠራም?

ይህን ሐኪሞችም እኛን የላብራቶሪ ሰዎቹን ይጠይቁናል። ሴንሲቲቪቲ ማለት የትኛው አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን እንደሚያጠቃ በላብራቶሪ መፈተን ነው። ላብራቶሪ የፈተነው ባክቴሪያና ቱቦው ላይ ያለው ባክቴሪያ ዘራቸው አንድ ቢሆንም ኑሯቸው አንድ አይደለም። ለሴንሲቲቪቲ ስንሠራ ከኮሎኒው፣ ማለትም በአንድ ቦታ ከበቀለው የባክቴሪያ ክምር ቆንጥረን፣ በፈሳሽ በትነን፣ ምግብ በሞላበት ፕሌት (ሰሃን) ላይ እንቀባዋለን። ያ ባክቴሪያ ጠግቧል፣ በፍጥነት ይራባል፣ ከለላም የለውም። ቱቦው ላይ ያለው ግን ዝልግልጉ ሥር ተኝቷል። ኦክስጅን በደንብ አይደርሰውም፣ ምግብ ያጥረዋል፣ መራባቱን አዝግሟል።

ሴፍትሪያክሶን የሚገድለው ግድግዳውን እየሠራ የሚያድገውን ባክቴሪያ ነው፤ የማያድገውን እምብዛም አይነካውም። ጄንታማይሲን ወደ ውስጥ ለመግባት ባክቴሪያው ጉልበት እንዲያመነጭ ይፈልጋል፤ ኦክስጅን በሌለበት ይደክማል። በዚህ ሁሉ ላይ ጭልጥ ብለው የሚተኙ ጥቂት ባክቴሪያዎች አሉ። አየርላንዳዊው ሐኪም ጆሴፍ ቢገር ፔኒሲሊን ገና አዲስ በነበረበት በ1944 እ.ኤ.አ. አይቷቸዋል፤ መድኃኒቱ ሌላውን ሁሉ ሲፈጅ እነሱ ይተርፋሉ። የሚተርፉት መድኃኒቱን ስለተላመዱ አይደለም። ስለተኙ ነው። መድኃኒቱ ሲቆም ይነሳሉ።

አልጋው አጠገብ የምታዩት ነገር ይህንኑ ነው፦ አንቲባዮቲክ ሲጀመር ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ሲቆም ይመለሳል፣ ቱቦው እዚያው አለ። በላብራቶሪ ሲለካ ባዮፊልም ውስጥ ያለውን ለማጥፋት ከ10 እስከ 1000 እጥፍ የሚደርስ መጠን ሊያስፈልግ ይችላል፤ ያን ያህል መድኃኒት ሰው አይችለውም። ባዮፊልም ላይ መድኃኒት የሚፈትኑ መሣሪያዎችም አሉ፤ ካናዳ፣ ካልጋሪ የተሠራውና በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ባክቴሪያ የሚጣበቅባቸው 96 ጣቶች ያሉት ክዳን ይታወቃል። ለጥናት ጥሩ ነው። ሐኪሙ መድኃኒት የሚመርጥበት የተስማማንበት ቁጥር ግን አልወጣለትም።

ታዲያ ለምን ዝም ብሎ አይወጣም?

ሲቻል ይወጣል። ስታፍ ኦሪየስ፣ ሱዶሞናስ ወይም ካንዲዳ ከደም ከተገኘና ምንጩ ሴንትራል ላይኑ ከሆነ ማውጣቱ የሕክምናው ዋና ክፍል ነው። ግን አንዳንዱ በሽተኛ የደም ግፊቱን ያቆመው በዚያው ቱቦ የሚገባው መድኃኒት ነው። ሌላ ቦታ ሲወጋ ሊደማ፣ ሳንባውም ሊበሳ ይችላል። ሐኪሙ "ትንሽ እንጠብቅ" ሲል ሁልጊዜ ቸልተኝነት አይደለም።

ከውጭ ፋርማሲ ውድ ካቴተር ብንገዛ ይሻላል?

ቤተሰብ ጽኑ ሕሙማን ክፍሉ (አይሲዩ) በር ላይ ቆሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፤ ገባኝ። ብር የተቀቡ፣ አንቲባዮቲክ የተነከሩ ካቴተሮች አሉ። እንግሊዝ አገር ከ7 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት በ2012 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ነበር። ለአጭር ጊዜ የሽንት ካቴተር በሚገባላቸው ሰዎች ላይ ብር የተቀባው ከተራው የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። መድኃኒት የተነከረው ትንሽ ልዩነት አሳየ፤ አጥኚዎቹ ግን ልዩነቱ ይህን ያህል የሚያወላዳ አይደለም አሉ፤ የገባለትንም ሰው ይበልጥ ይቆረቁረው ነበር። ሴንትራል ላይን ላይ ነገሩ ይለያል፤ እዚያ መድኃኒት የተነከሩት የሚመከሩባቸው ሁኔታዎች አሉ።

እኔን ብትጠይቁኝ ገንዘቡ ካለ መጀመሪያ ለአልኮል፣ ለክሎርሄክሲዲንና ለንጹሕ ጓንት ይሁን። አሜሪካ፣ ሚሺጋን ግዛት ውስጥ ከመቶ በላይ ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተሳተፉበት ሥራ በ2006 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ያደረጉት አምስት ነገር ነው፦ እጅ መታጠብ፣ ቱቦው ሲገባ በሽተኛውን ሙሉ በሙሉ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፣ ቆዳውን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳት፣ ከተቻለ ብሽሽትን መተው፣ የማያስፈልገውን ቱቦ ማውጣት። ከ1000 የካቴተር ቀናት (አንድ በሽተኛ ከካቴተር ጋር ያሳለፈው አንድ ቀን አንድ የካቴተር ቀን ነው) በአማካይ 7.7 የነበረው የደም ኢንፌክሽን በ18 ወር ውስጥ ወደ 1.4 ወረደ። አዲስ ካቴተር አልተፈለሰፈም።

ለጥናት ናሙና የሚወሰደው እንዴት ነው?

ለሴንትራል ላይን፦ ቆዳው በአልኮል ይጸዳል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ቱቦው ቆዳውን ሳይነካ በቀስታ ይወጣል። ጫፉ ወደ 5 ሴንቲሜትር ያህል በንጹሕ መቀስ ተቆርጦ ደረቅ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ይገባል። ሳይደርቅ ቶሎ ላብራቶሪ ይደርሳል። የእያንዳንዱ ቱቦ የገባበት ቀንና ቦታ፣ በሽተኛው የሚወስደው አንቲባዮቲክ፣ ቱቦው ለምን እንደወጣ ይጻፋል። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ "ኢንፌክሽን ተጠርጥሮ" እና "ሥራውን ጨርሶ" የወጡ ቱቦዎች አንድ ላይ ከተቀላቀሉ በኋላ መለየት አይቻልም።

ዕቃውን ደግሞ አደራ። አንድ ጊዜ የካቴተር ጫፎች ተሰብስበው መጡልን። ደስ ብሎን ከፈትናቸው፤ ሽታው አፍንጫችንን ቆነጠጠው። ፎርማሊን ነበር፤ ተህዋስያንን የሚገድል ማቆያ ፈሳሽ። ለፓቶሎጂ በሚሆነው ዕቃ ውስጥ ነበር ያስገቧቸው። ያ ሁሉ ልፋት፣ አንድም ሕይወት ያለው ባክቴሪያ የለም። ስህተቱ የእኛ ነበር፤ ማንም ቀድሞ ወርዶ ለነርሶቹ ዕቃውን አላሳየም።

"ከ15 ኮሎኒ በላይ" የሚባለው ነገር ከየት መጣ?

በ1977 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ዴኒስ ማኪና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ዘዴ ነው። ጫፉን ብለድ አጋር በሚባለው ደም የተጨመረበት የባክቴሪያ ማብቀያ ላይ ወዲያና ወዲህ ታንከባልሉታላችሁ፤ ልክ ሊጥ እንደሚዳመጥ። በማግስቱ ኮሎኒ ትቆጥራላችሁ። 15ና ከዚያ በላይ ከሆነ ካቴተሩ በባክቴሪያ ተይዟል ይባላል። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ የትም ይሠራል።

ችግሩ የሚያነሳው የውጭኛውን ገጽ መሆኑ ነው። አሥር ቀንና ሠላሳ ቀን ያልነው እዚህ ላይ ይመጣል። ለረጅም ጊዜ የቆየ ቱቦ ባዮፊልሙ ውስጥ ስላለ ማንከባለል ያልፈዋል። መፍትሔው የጀሪካኑ ነው፦ መናጥ። ጫፉ ፈሳሽ ውስጥ ይገባና ቮርቴክስ በሚባለው መናጫ ማሽን ይናጣል ወይም ሶኒኬሽን በሚባለው የድምፅ ሞገድ ይንቀጠቀጣል፤ የተጣበቀው ይለቅቃል፣ ፈሳሹ ይዘራል። በሶኒኬሽን መለኪያው 15 ሳይሆን 100 ነው። ሁለቱን ዘዴዎች እያቀላቀሉ በአንድ መለኪያ መቁጠር በተማሪ ወረቀት ላይ ደጋግሜ ያየሁት ስህተት ነው።

ካልቸሩ ምንም ካላበቀለ ባዮፊልም የለም ማለት ነው?

አይደለም። ካልቸር ማለት ናሙናውን ዘርቶ ባክቴሪያ ማብቀል ነው። ካልቸር ምንም ያላበቀለባቸው ካቴተሮች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታዩ ባዮፊልም የተገኘባቸው ጥቂት አይደሉም። በሽተኛው አንቲባዮቲክ ላይ ከነበረ ባክቴሪያው ተኝቶ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒውም ልብ በሉ፦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብዙ ቆይቶ የወጣ ካቴተር ሁሉ ማለት ይቻላል የሆነ ነገር አለበት። ስለዚህ "ባዮፊልም አለ ወይስ የለም" ደካማ የጥናት ጥያቄ ነው። ምን ያህል፣ የት በኩል፣ ከደሙ ጋር አንድ ዓይነት ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ቱቦውን ሳያወጡ ጥፋተኛ መሆኑን ማወቅ ይቻላል?

ለሴንትራል ላይን ይቻላል፤ ከምወዳቸው ዘዴዎች አንዱ ነው። አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት በአንድ ጊዜ ሁለት ደም ይቀዳል፦ አንዱ በቱቦው፣ ሌላው ከክንድ። መጠናቸው እኩል ይሁን። ሁለቱም ማሽን ውስጥ ይገባሉ። የቱቦው ደም ከክንዱ ደም ቢያንስ 2 ሰዓት ቀድሞ ካበቀለና ባክቴሪያው አንድ ከሆነ ምንጩ ቱቦው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ብዙ ሆኖ የጀመረ ቀድሞ ይደርሳል።

ዕድገቱን በሰዓቱ የሚመዘግብ አውቶማቲክ ማሽን በሌለበት ግን አይሠራም። ጠርሙሱን ጠዋትና ማታ በዓይን እያዩ ሁለት ሰዓትን መለየት አይቻልም።

የሽንት ካቴተር ጫፍ ለካልቸር ይላካል?

ለበሽተኛው ሕክምና ከሆነ፣ አይላክ። ጫፉ ሲወጣ በሽንት መውጫው ያልፋል፤ እዚያ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ይመጣል። ብዙ ላብራቶሪ አይቀበለውም፣ ልክም ነው። ከከረጢቱ የተቀዳ ሽንትም አይሆንም። ካቴተሩ ከቆየ በአዲስ ተቀይሮ ከአዲሱ የሚቀዳው ሽንት ነው የሚታመነው። ለባዮፊልም ጥናት ከሆነ ግን ጫፉ ራሱ ነው የሚፈለገው፤ ያኔ ውጤቱን "ኢንፌክሽን" ብሎ አለመጥራት ነው ዋናው።

አንድ ባክቴሪያ ባዮፊልም ሠሪ መሆኑ በላብራቶሪ እንዴት ይታወቃል?

አገራችን ውስጥ ተማሪዎች አዘውትረው የሚሠሩት ሦስቱን ነው። የቱቦ ዘዴው፦ ባክቴሪያው በመስታወት ቱቦ ያድጋል፣ ይደፋል፣ ይቀለማል፣ ግድግዳው ላይ የቀረው በዓይን ይታያል። ያያችሁት "መካከለኛ" ለጓደኛችሁ "ደካማ" ሊሆን ይችላል። ኮንጎ ሬድ አጋር፣ ማለትም ቀይ ቀለም የተጨመረበት ማብቀያ፦ ሠሪው ጥቁር ኮሎኒ ያወጣል። ይህ የተፈለሰፈው ለስታፍ ነው፤ ለእነ ክሌብሲዬላ አምናችሁ አትጠቀሙበት።

ሦስተኛው ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ነው። ባክቴሪያው ግሉኮስ በተጨመረበት ብሮዝ (ፈሳሽ ምግብ) 24 ሰዓት ያድጋል፣ ይደፋል፣ ይታጠባል፣ በክሪስታል ቫዮሌት ይቀለማል፣ ቀለሙ ይሟሟና በ570 ናኖሜትር አካባቢ ይነበባል። ሠሪውን ከማይሠራው የሚለየው መቁረጫ ባክቴሪያ ያልገባባቸው የባዶ ጉድጓዶቹ አማካይ ሲደመር ሦስት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የንባቦቹ መበታተን መለኪያ) ነው። እስከ መቁረጫው ድረስ ሠሪ አይደለም፤ እስከ ሁለት እጥፉ ደካማ፣ እስከ አራት እጥፉ መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ጠንካራ። ማወዳደሪያ ይኑራችሁ፦ ስታፍ ኤፒደርሚዲስ ኤቲሲሲ (የአሜሪካ የተህዋስያን ክምችት ቁጥር) 35984 ሠሪ ነው፣ ኤቲሲሲ 12228 አይደለም። እነሱ ልክ ካልወጡ የዕለቱን ፕሌት ጣሉት።

ውጤት የሚበላሸው በአብዛኛው እጥበቱ ላይ ነው። አንዱ ሰው በኃይል፣ ሌላው በቀስታ ያጥባል። አንድ ሰው ሁሉንም ይጠብ፤ እያንዳንዱም ናሙና ቢያንስ ሦስት ጉድጓድ ይኑረው። ክሪስታል ቫዮሌት የሞተውንም ሕያውንም ዝልግልጉንም ያቀልማል፤ "በሕይወት አለ" የሚል መደምደሚያ ከእሱ አይወጣም።

"ጠንካራ ባዮፊልም ሠሪ" ከተባለ በሽተኛው ብሶበታል ማለት ነው?

አይደለም፤ ይህ ነው በብዛት ያለ አግባብ የሚጻፈው። ፕሌቱ የሚነግራችሁ ያ ባክቴሪያ በስኳር በበለጸገ ምግብ፣ በፖሊስታይሪን ፕላስቲክ ላይ፣ በ24 ሰዓት ያደረገውን ነው። ሰውየው ውስጥ ሲሊኮን ወይም ላቴክስ አለ፣ ደም ወይም ሽንት አለ፣ የሰውነት መከላከያ አለ፣ ከአንድ በላይ ዓይነት ባክቴሪያም አለ። ፕሌቱ ላይ "ደካማ" የተባለ ሱዶሞናስ ሰው ሊገድል ይችላል፤ "ጠንካራ" የተባለ ስታፍ ኤፒደርሚዲስ ቱቦው ሲወጣ አብሮ ይሄዳል።

ሌላ ወጥመድም አለ። "ባዮፊልም ያለባቸው በሽተኞች በአማካይ ብዙ ቀን ቆዩ" ተብሎ ይጻፋል። ብዙ ቀን ስለቆዩ ይሆናላ ባዮፊልም የያዛቸው! ሁለቱን ለመለየት ባዮፊልሙ የታየበት ቀን መመዝገብ አለበት፤ በመጨረሻ ቀን የተወሰደ አንድ ናሙና ይህን አይመልስም።

በመቶኛ ብናስቀምጠው ምን ችግር አለው? ለምን "በ1000 የካቴተር ቀናት"?

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ክፍል ውስጥ 20 በሽተኞች እያንዳንዳቸው 10 ቀን ካቴተር ነበራቸው፤ 2ቱ ታመሙ። ሌላ ክፍል ውስጥ 20 በሽተኞች እያንዳንዳቸው 4 ቀን ነበራቸው፤ እዚያም 2 ታመሙ። በመቶኛ ሁለቱም 10 ናቸው። በካቴተር ቀን ግን የመጀመሪያው 2 ለ200፣ ማለትም በሺህ 10 ነው፤ ሁለተኛው 2 ለ80፣ ማለትም በሺህ 25። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ መቶኛው ደብቆት ነበር።

ራሱን የማያውቅ በሽተኛ እንዴት ይስማማል?

አይስማማም። ስለእሱ በሕግ ሊወስን የሚችል የቅርብ ቤተሰብ ይጠየቃል፤ ራሱን ሲያውቅ ደግሞ እንደገና እሱ ይጠየቃል፣ አልፈልግም ካለ መረጃው ይወጣል። ጥናቱ ቀድሞ የተቋሙን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማለፍ አለበት። ካቴተር ለጥናት ሲባል አይገባም፣ ለጥናት ሲባል አይወጣም፣ ለጥናት ሲባልም አይቆይም። ሐኪሙ ሲያወጣው የሚጣለውን ነው የምንወስደው።

ከባዱ ወረቀቱ ላይ የለም። አይሲዩ በር ላይ ሦስት ቀን ያልተኛ ታላቅ ወንድም የሰጣችሁትን ሁሉ ይፈርማል። "እምቢ ካልኩ ወንድሜን ይተዉታል" ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ነጭ ጋወን የለበሰው የሚያክመው ሐኪም ባይጠይቅ ይሻላል። ቁጭ ብላችሁ፣ በሚገባው ቋንቋ፣ እምቢ ቢል ከሕክምናው ምንም እንደማይቀር ነግራችሁ ጠይቁት። ነገ ልመልስ ካለ ነገ ይመልስ።

በጥናቱ የተገኘው ለሚያክመው ሐኪም ይነገራል?

ሁለት ዓይነት ውጤት አለ። "ጠንካራ"፣ "መካከለኛ" የሚለው የፕሌት ደረጃ ካርዱ ላይ ባይጻፍ እመርጣለሁ። በእሱ የሚቀየር ሕክምና የለም፤ ተረኛው ሐኪም ግን "ጠንካራ" የሚለውን አይቶ ተጨማሪ አንቲባዮቲክ ሊያዝ ይችላል። የጫፍ ካልቸር ብቻውን አብቅሎ ደሙ ንጹሕ ከሆነና በሽተኛው ትኩሳት ከሌለው፣ በአብዛኛው ቱቦው ተይዟል እንጂ ሰውየው አልታመመም። እዚህ ላይ ስታፍ ኦሪየስ ከሆነ ለየት ይላል፤ ሐኪሙ ሊያውቀውና በሽተኛውን ሊከታተል ይገባል።

የደም ካልቸር ፖዘቲቭ ከሆነ ግን ጥናት ይሁን አይሁን በዚያው ሰዓት ስልክ ይደወላል። የግራም ስቴይኑ (ባክቴሪያውን ቀልሞ በማይክሮስኮፕ የማየት ምርመራው) ውጤት፣ የደወለው ሰው ስም፣ ያነሳው ሰው ስምና ሰዓቱ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የጥናት ዕቅዳችሁን ስትጽፉ ይህን ለብቻው አንድ አንቀጽ ስጡት፤ ሌሊት ማን እንደሚደውልም በስም ይመደብ።